ከወፍጮ ቤቱ ፎቅ ላይ፦ ራስን የመከላከል ሥልጠና ለዓይነ ስውራን

ስልኬን የሰረቀኝን ሰው መርቄዋለሁ። ባለፈው ዓመት ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አጠገብ ክንዴን ጥብቅ አድርጎ ያዘና «ነይ ላሻግርሽ እህቴ» አለኝ። ስንሻገር «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከክፉ ይጠብቅህ» አልኩት። ኪሴ ባዶ መሆኑን ያወቅኩት ቤቴ ደርሼ ነው። ሥራዬ የስልክ ኦፕሬተርነት ስለሆነ ድምፅ አልረሳም፤ የዚያን ሰው ድምፅ ዛሬም ብሰማ እለየዋለሁ። ምን ያደርግልኛል?

በዚህ ንዴት ነው ሰፈራችን ካለ አንድ የስፖርት ቤት ለሦስት ወር የተመዘገብኩት። ክፍያው በወር 1,200 ብር፣ ሥልጠናው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። የምነቅፈው ስላለኝ ስሙን ትቼዋለሁ፤ ከወፍጮ ቤት በላይ ያለው ሲባል የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል።

አሰልጣኙ የቴኳንዶ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን «ሁላችሁም እግሬን ተመልከቱ» አለን። ስድስት ዓይነ ስውራን ዝም አልን። ከኋላ ጋሼ የምንለው ጠበቃ «በደንብ እየተመለከትን ነው፣ ይቀጥሉ» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አየር ስንረግጥ ከረምን። አንድ ጊዜ እኔው የጋሼን ጉልበት አግኝቼዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር አሰልጣኙ ስህተቱን ለማረም አልኮራም። ቴኳንዶ ርቀትን በዓይን ለክቶ መምታት ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ክፉ ሰው የት እንደቆመ በእርግጠኝነት የምናውቀው ሲነካን ነው። ስለዚህ ወደ ጁዶ ዞረ። በዓይነ ስውራን ጁዶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1988ቱ የሴኡል ጨዋታዎች ጀምሮ በፓራሊምፒክ በሚካሄደው፣ ተጋጣሚዎቹ ውድድሩን የሚጀምሩት አንዱ የሌላውን ልብስ እንደጨበጠ ነው። ከዚያ በኋላ መፈላለግ የለም፤ ሌላው ወዴት እንደሚያዘነብል እጅ ይናገራል።

ከዚህ ሁሉ የጠቀመኝ የእጅ ማስለቀቂያው ነው። አንድ ሰው የእጅሽን አንጓ ሲይዝ ደካማው ቦታ አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር የሚገናኝበት ክፍተት ነው። አንጓን ወደዚያ አዙሮ፣ ክርንን ወደ ሆድ ሰብስቦ መሳብ ነው፤ ዝም ብሎ ወደ ኋላ መጎተት ግን ጉልበት መጨረስ ብቻ ነው። ካስለቀቅኩ በኋላ ደግሞ እኔው ከክርኑ በላይ እይዘዋለሁ። በልጅነቴ ሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የሚመራንን ሰው ከክርኑ በላይ መያዝ ተምሬ ነበር፤ ያኔ ግን የአካሄድ ሥርዓት እንጂ መከላከያ አልመሰለኝም። አሁን ገባኝ። እኔ ስይዘው ወዴት እንደሚዞር አውቃለሁ፤ ሲያሰኘኝ እለቀዋለሁ። መንገድ ላይ የሚይዙኝ አብዛኞቹ ደጋግ ሰዎች ስለሆኑ ሁሉንም በርግጫ መቀበል አልችልም። ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ክንዴን ሲይዙኝ አስለቅቄ ክርናቸውን ያዝኩ። «አንቺ ነሽ እንዴ የምታሻግሪኝ?» አሉ። ሁለታችንም ተሻገርን።

በነጭ በትር መማታትን አሰልጣኙ ከልክሎናል፤ ትክክል ነው። የእኔ ታጣፊ አሉሚኒየም ነው፤ በሰው ትከሻ ላይ ከታጠፈ በምን ቤቴ እገባለሁ? አጯጯህ ላይ ግን ተከራክረናል። «የሌባውን ልብስ ቀለም እየጠራችሁ ጩኹ» ብሎን ነበር። የምን ቀለም? በመጨረሻ ያለንበትን ቦታ እና የሚደረግብንን ለመጥራት ተስማማን፦ «ታክሲ ተራው ጋ ነኝ፣ ስልኬን እየቀማኝ ነው!» በዚያው ላይ ጋሼ የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 አስረዱን፤ ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና መከላከሉ ከጥቃቱ ጋር ከተመጣጠነ አያስቀጣም። የለቀቀህን ሰው ተከትሎ መምታት ግን ሌላ ነገር ነው ብለው ደጋግመው አስጠንቅቀዋል፤ በተለይ ወደ እኔ ዞረው መሰለኝ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ወፍጮው ሲፈጭ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ የአጠገቤን ሰው እርምጃ አልሰማም። ጆሮ ለማይሠራበት ሥልጠና እኛ ምን ይዘን እንምጣ? መብራት ሲጠፋ ነበር ደስ የሚለን፤ ወፍጮው ይቆማል፣ ትምህርቱ ያኔ ይጀመራል። ሰዓቱ ደግሞ የባሰ ነው። ማታ 12 ሰዓት ተጀምሮ 1 ሰዓት ተኩል ያልቃል። ታክሲ በሚጠፋበት ሰዓት ስለ ደኅንነት ተምረሽ ብቻሽን ትወጫለሽ። ብንጮህ አንዱን ቀን ብቻ ወደ ቅዳሜ ጠዋት አዛወሩልን። ይዞኝ መጥቶ ወንበር ላይ ለሚጠብቀኝ ለእህቴ ልጅም ክፍያ ጠይቀው ነበር፤ አልከፈልኩም።

ለመሄድ ያሰበ ሰው የቅዳሜውን ይምረጥ፤ ጠፍጣፋ ጫማና ቢጨመደድ የማይቆጨው ልብስ ያድርግ። ከአስፋልቱ ሲገባ የጤፍ ዱቄት ሽታ ይመራል። ከበሩ ፊት ክዳን የሌለው የውኃ መውረጃ ቦይ አለ፤ በበትር ፈልጎ በግራ በኩል መዞር ነው። ደረጃው 17 ነው፤ መደገፊያው ዘጠነኛው ላይ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ያዙ።