ጂፒዩ-ዚ፦ ያገለገለ ዴስክቶፕ ስገዛና ስመረምር ለወራት የተጠቀምኩበት ፕሮግራም

ጎንደር ፒያሳ ውስጥ ያገለገለ ዴስክቶፕ ለመግዛት የሚጠይቅ ሰው «ግራፊክስ ካርድ (ምስልና ቪዲዮ የሚያቀናብረው ክፍል) አለው» መባሉ አይቀርም። የትኛው ካርድ እንደሆነ የሚናገረው ግን ብዙውን ጊዜ የተለጠፈበት ወረቀት ብቻ ነው። የምተዳደረው የሠርግና የጥምቀት ቪዲዮ በማቀናበር ስለሆነ ይህ ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የግራፊክስ ካርድን ማንነትና ዝርዝር የሚያሳየውን የዊንዶውስ ፕሮግራም ጂፒዩ-ዚን በፍላሽ መያዝ ከጀመርኩ ወዲህ ማንኛውንም ካርድ ሳልፈትሽ ገንዘብ አልከፍልም። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ መጠኑ ጥቂት ሜጋባይት ሲሆን ሳይጫንና ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የሻጭ ኮምፒውተር ላይ ቆሞ ለሚመረምር ሰው ከዚህ የሚመች የለም።

ዊንዶውስ ራሱ የካርዱን ስም ያሳያል፤ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከአር ጋር ተጭኖ «ዲኤክስዲያግ» (dxdiag) ብሎ መጻፍ ይበቃል። ነገር ግን ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ካልተጫነ የሚወጣው «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ምንም የማይነግር ስም ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በካርዱ ባዮስ (ካርዱ ውስጥ ባለው መሠረታዊ ፕሮግራም) ላይ የተጻፈው መለያ ከተቀየረ ዊንዶውስ ያንኑ ተቀብሎ ማስተጋባቱ ነው።

አንድ የሰፈራችን ተማሪ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ የተሸጠለትን ካርድ ይዞልኝ መጣ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ዊንዶውሱ ራሱ እየመሰከረ ምን ያጠራጥርሃል?» ብሎታል። ጂፒዩ-ዚን ስከፍተው ከስሙ ፊት በቅንፍ «ፌክ» (ሐሰተኛ) የሚል ቃል አወጣ። የካርዱ ዋና አካል የሆነው ቺፕ ጂኤፍ116 ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ላይ የነበረው፣ 192 ኮር (ስሌት የሚሠሩ ክፍሎች) ያለው። እውነተኛው 1050 ቲአይ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ቺፑ ጂፒ107፣ ኮሩም 768 ነው። ካርዱን ገልብጬ ሳየው የድሮ ሞኒተር የሚሰካበት፣ አናሎግ ምልክት የሚጠቀመው ሰማያዊው የቪጂኤ መሰኪያ አለበት። የ1050 ቲአይ ቺፕ የአናሎግ ምልክት ስለማያወጣ ያ መሰኪያ ብቻውን ሊያስጠረጥር ይገባ ነበር። ልጁ የስክሪኑን ፎቶ ለሻጩ አሳይቶ ገንዘቡን መልሶ ተቀበለ። እንዲህ ዓይነቱ ማጭበርበር የተማሪን የወራት ቁጠባ የሚበላ በመሆኑ ያናድደኛል።

በፕሮግራሙ መስኮት ከታች ያለውን የምርጫ ሳጥን ብዙ ሰው አያየውም። ኮምፒውተሩ ሁለት ግራፊክስ ካለው፣ ማለትም ከኢንቴል ፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የመጣውና ለብቻው የተሰካው፣ የምናነበው የየትኛውን እንደሆነ የሚለየው እዚያ ነው። የሞኒተሩ ኬብል በካርዱ ፈንታ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ተሰክቶ ካርዱ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠባቸውን ኮምፒውተሮች ያገኘሁት ይህን ሳጥን በመመልከት ነው። «ባስ ኢንተርፌስ» የሚለው፣ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበትን ፍጥነት የሚጠቁመው መስመር ላይ የሚችለው 3.0 ተብሎ አጠገቡ አሁን ያለበት 1.1 ቢታይ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ካርዱ ሥራ ሲያጣ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አጠገቡ ያለውን የጥያቄ ምልክት ተጭኖ ሥራ ሲሰጡት ቁጥሩ ወደ ቦታው ይመለሳል።

የሙቀት ገጹን አሁን ከሁሉም በላይ እጠቀምበታለሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ይቀንሳል። በዚያ ላይ የበጋው አቧራ አለ። ረጅም ቪዲዮ ሳወጣ ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ሲያልፍ ሳይ ማራገቢያውን ከፍቼ አጸዳሁት፤ ሥራው ያለ መንገጫገጭ ማለቅ ጀመረ።

ጉድለት አለው። ሊኑክስ ላይ አይሠራም፤ እዚያ «ኤልኤስፒሲአይ» (lspci) የሚለውን ትእዛዝ መጠቀም ግድ ነው። የየመስመሩ ማብራሪያ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለጀማሪ ይከብዳል። ሐሰተኛ ካርዶችን መለየት የጀመረው በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው 2.12.0 ቅጂ በመሆኑ፣ ከጓደኛ ፍላሽ የምትገለብጡት ቅጂ ከዚያ የቆየ ከሆነ አትመኑት።