ለካርቱን መልክ የትኛውን ሬንደር እንምረጥ? ብሌንደር፣ አርኖልድ፣ ፔንስል ፕላስ እና ሌሎቹ ጎን ለጎን

3ዲ ሞዴሉ በእጅ የተሳለ እንዲመስልለት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው የቱ ሬንደር (3ዲውን ወደ ምስል የሚቀይረው ሶፍትዌር) ነው ቆንጆ ቱን ሼደር (ቀለሙንና ጥላውን ካርቱን የሚያስመስለው) ያለው ብሎ ነው፣ እኔ ግን ከመስመሩ ጀምሩ ነው የምለው። ቀለሙን በሁለት በሶስት ደረጃ መቁረጥማ ነጻውም የሚከፈልበትም ሁሉም ይችለዋል። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚወጣው ጥቁሩ መስመር ላይ ነው፣ ከየት ነው የሚመጣው፣ ውፍረቱን እንዴት ትቆጣጠሩታላችሁ፣ ካሜራ ሲንቀሳቀስ ይርገበገባል ወይስ ረግቶ ይቀመጣል፣ እነዚህን ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ።

ከብሌንደር ልጀምር፣ ብዙ ሰው እዛ ስለሆነ። ነጻ የ3ዲ ሶፍትዌር መሆኑ ይታወቃል፣ ግን ዋናው ጥቅሙ መስመር የምታወጡበት መንገድ ብዙ መሆኑ ነው። ፍሪስታይል ከ2013ቱ 2.67 ቨርዥን ጀምሮ አብሮት አለ፣ መስመሩን በርቀትም በርዝመትም በቁሱም እየለየ ውፍረቱን ይቀያይርላችኋል፣ ችግሩ ሬንደር እስክትሉ ድረስ ስክሪን ላይ አይታይም፣ ሞዴሉ ፖሊጎን (የተሰራበት ትንንሽ ገጽ) ሲበዛበት ደግሞ ለእያንዳንዱ ፍሬም መስመሩን ለማስላት ብቻ ብዙ ያስጠብቃችኋል። ላይን አርት በ2021 በ2.93 ነው የመጣው፣ ይሄ መስመሩን የግሪስ ፔንስል (የብሌንደር የስእል መሳሪያ) ስትሮክ አድርጎ ስለሚሰጣችሁ ቪውፖርት (የምትሰሩበት መስኮት) ላይ እዛው ታዩታላችሁ፣ ቤክ ካደረጋችሁት (ወደ ቋሚ ስትሮክ ከቀየራችሁት) በኋላ ያልወደዳችሁትን መስመር በእጃችሁ ማጥፋት ማጠፍ ማወፈር ትችላላችሁ፣ ለአጭር ሾት ከዚህ የተሻለ ነጻ ነገር አላየሁም።

ሌላው ሞዴሉን ትንሽ አወፍሮ የመገልበጥ የድሮ ዘዴ ነው። ሶሊዲፋይ ሞዲፋየር ትጨምራላችሁ፣ ፍሊፕ ኖርማልስን ታበራላችሁ (ኖርማል ማለት ገጹ የሚያይበት አቅጣጫ ነው)፣ ማቴሪያል ኦፍሴቱን ወደ ጥቁሩ ማቴሪያል ትወስዱታላችሁ፣ እዛ ጥቁር ማቴሪያል ላይ ባክፌስ ከሊንግ (የገጹን ጀርባ የሚደብቀውን) ታበራላችሁ፣ በቃ አለቀ። በጣም ፈጣን ነው፣ ቨርቴክስ ግሩፕ (የት ምን ያህል እንደሚወፍር የሚነግሩ የሞዴሉ ነጥቦች) ከሰጣችሁት ደግሞ አፍንጫ ጫፍ ላይ የሚቀጥን አገጭ ስር የሚወፍር መስመር ያወጣል፣ የእጅ ስእል የሚያስመስለውም እሱ መቅጠንና መወፈሩ ነው። የማይችለው የውስጥ መስመርን ነው፣ የልብስ ስፌት ወይም የሳጥን ጠርዝ ከፈለጋችሁ ከሌላው መንገድ ጋር መደባለቅ አለባችሁ።

ቀለሙ ላይ ብሌንደር ውስጥ ሰው ሁሉ የሚጠቀመው ሼደር ቱ አርጂቢ የሚባለውን ኖድ ነው፣ ከኋላው ከለር ራምፕ አድርጋችሁ ኮንስታንት ካላችሁት ጥላው በአንድ ጊዜ ይቆረጣል። ይሄ ኖድ የሚሰራው ኢቪ (የብሌንደር ፈጣኑ ሬንደር) ላይ ብቻ ነው፣ ሳይክልስ (ሌላው የብሌንደር ሬንደር) ላይ አይሰራም፣ ሳይክልስ የራሱ ቱን ቢኤስዲኤፍ አለው ግን እንደ ኢቪው እንደልብ አያዛችሁም። አንድ ሌላ ነገር፣ ከ4.0 ወዲህ ቪው ትራንስፎርሙ (ቀለሙ እንዴት እንደሚታይ የሚወስነው ሴቲንግ) ሲከፈት ኤጂኤክስ ላይ ስለሆነ የመረጣችሁት ቀይ ሬንደር ላይ ደብዝዞ ይወጣል፣ ስታንዳርድ አድርጉት። ሼደሩ አይረባም ብሎ የሚተው ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚች ሴቲንግ ላይ ነው።

ማያ በሚባለው የ3ዲ ሶፍትዌር የምትሰሩ ከሆነ አርኖልድ የሚባለው ሬንደር አብሮ ስለሚመጣ ቱን ሼደሩን ሳትሞክሩ ሌላ አትግዙ። መስመሩ የሚመጣው ከፊልተር ነው፣ የሬንደሩን ፊልተር ወደ ኮንቱር ትቀይሩና ሼደሩ ላይ ኤጁን ታበራላችሁ፣ ከዛ በኖርማል ማእዘን፣ በሼደር ልዩነት፣ በኦብጀክት ልዩነት መስመር ያወጣል፣ ብሌንደር ላይ ሁለት ዘዴ ደባልቃችሁ የምታገኙትን የውስጥና የውጭ መስመር እዚህ አንድ ቦታ ታገኙታላችሁ። ሬይ ትሬሰር (የብርሃን ጨረርን እየተከተለ የሚያሰላ) ስለሆነ ደግሞ መስመሩ መስታወትና ውሃ ውስጥም ይንጸባረቃል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ የተገለበጠው ሞዴል ዘዴ በዚህ አይወዳደረውም። በምላሹ ፍጥነት ትከፍላላችሁ፣ መስመሩ ጥርት እንዲል የካሜራ ሳምፕል (ለአንድ ፒክስል የሚወሰደውን የናሙና ብዛት) ከፍ ማድረግ አለባችሁ፣ መስመሩ በወፈረ ቁጥር ሬንደሩም ይከብዳል፣ ኢቪ ፍሬሙን አውጥቶ ሲጨርስ አርኖልድ ገና መሃል ላይ ነው።

ፔንስል ፕላስ 4 ፒሶፍት የሚባል የጃፓን ኩባንያ ስራ ነው፣ ለ3ዲኤስ ማክስ፣ ለማያ፣ ለዩኒቲ እና ለብሌንደር አለ። መስመር ብቻ ካየን ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የሚታየውንና የተደበቀውን መስመር ለየብቻ ታዛላችሁ፣ ሁለት ነገር የሚጋጭበትን ቦታ፣ የማቴሪያል ድንበሩን፣ እናንተ የመረጣችሁትን ጠርዝ ለየብቻ ብሩሽ ትሰጡታላችሁ፣ ስትሮኩ ጫፉ ላይ ይሳሳል፣ እጅ እንደነካው ትንሽ ይዛባል። የሚከፈልበት ነው፣ ስለዚህ ስራችሁ ሙሉ በሙሉ የአኒሜ አይነት ከሆነና በተከታታይ የምታመርቱ ከሆነ ያዋጣል፣ በአመት አንዴ ለምትሰሩት ክሊፕ ግን ላይን አርት ይበቃችኋል።

ሲኒማ 4ዲ የሚባለው የ3ዲ ሶፍትዌር ላይ ያለው ስኬች ኤንድ ቱን ለሞሽን ግራፊክስ ምቹ ነው፣ መስመሩ በራሱ እየተሳለ እንዲወጣ ማድረግ ሲፈለግ ቀላል ነው። የሚሰራው ከስታንዳርድና ከፊዚካል ሬንደሮቹ ጋር መሆኑን ግን እወቁ፣ ሬድሺፍት የሚባለውን ሬንደር የለመደ ሰው የሬድሺፍትን የራሱን ቱን ነው የሚጠቀመው። የፒክሳሩ ሬንደርማን ከ24ኛው ቨርዥን ጀምሮ ስታይላይዝድ ሉክስ ጨምሯል፣ እርሳስ ጭረት፣ የወረቀት ገጽታ፣ መስመር፣ እነዚህን ለሚፈልግ በጣም ሀብታም ነው፣ ለመልመድ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ጌም የምትሰሩ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የጌም ኢንጂኑ ዩኒቲ የራሱ ነጻ ቱን ሼደር አለው፣ ዋናውን ቀለም፣ አንደኛ ጥላ፣ ሁለተኛ ጥላ እያለ ስለሚለይላችሁ ኮድ የማይጽፍ አርቲስት ቁጭ ብሎ ያስተካክለዋል። ሌላው ኢንጂን አንሪል ሲከፈት ያለው አሰራር ለእውነተኛ መልክ የተሰራ ስለሆነ አብዛኛው ሰው በፖስት ፕሮሰስ (ምስሉ ከወጣ በኋላ በላዩ በሚጨመር ኢፌክት) ነው የሚሰራው፣ የብርሃኑን ህግ ራሱን ልቀይር ካላችሁ ኢንጂኑን ለመክፈት ፕሮግራመር ያስፈልጋችኋል። ይቻላል ግን፣ በ2014 የወጣው ጊልቲ ጊር ኤክስአርድ የሚባለው ጌም በአንሪል ኢንጂን 3 ነው የተሰራው፣ አርቲስቶቹ የፊቱን ኖርማል በእጃቸው አስተካክለው፣ መስመሩን በዛው በተገለበጠ ሞዴል አውጥተው፣ በፖዞቹ መሃል ኮምፒውተሩ የሚሞላውን እንቅስቃሴ ትተው ነው 2ዲ ያስመሰሉት። ፊት ላይ የሚመጣው የተጨማደደ ጥላ በየትኛውም ሶፍትዌር አይቀርም፣ ከክብ ኳስ ላይ ኖርማል ወደ ፊቱ ማስተላለፍ ወይ በእጅ ማስተካከል ነው የተለመደው መፍትሄ፣ ስለዚህ ፊቱ አስጠላኝ ብላችሁ ሶፍትዌር አትቀይሩ።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር። የተገለበጠው ሞዴል የሚያወጣው መስመር ውፍረቱ የሞዴሉ አካል ስለሆነ ካሜራ ሲርቅ አብሮ ይቀጥናል፣ በጣም ሲርቅ ይቆራረጣል ይርገበገባል። በፒክስል የሚለካው እንደ አርኖልድ ኮንቱር ያለው ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ካሜራ ሲርቅ መስመሩ እዛው ውፍረት ላይ ስለሚቆይ ትንሿ ገጸ ባህሪ ጥቁር ነጠብጣብ ትሆናለች። ሪዞሉሽንም እንደዛው፣ በ1080 ሞክራችሁ የወደዳችሁት 4 ፒክስል መስመር 4ኬ ላይ በግማሽ የሳሳ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ፍሪስታይል ለዚህ ሪሌቲቭ የሚል ምርጫ አለው፣ እሱን አብሩት።

ስለዚህ ገና ለሚጀምር ሰው ብሌንደር ከነ ኢቪ፣ ማያ ላይ ላለ አርኖልድ፣ መስመር እንጀራው ለሆነ ፔንስል ፕላስ፣ ለጌም ዩኒቲ ነው የምለው። የሚከፈልባቸውን ከመግዛታችሁ በፊት መሞከር ትችላላችሁ፣ ሬንደርማን ለንግድ ላልሆነ ስራ ነጻ ነው፣ አርኖልድም ያለ ላይሰንስ ምስሉ ላይ ዋተርማርክ እያደረገ ይሰራል። ስትሞክሩ በቆመ ምስል አትፍረዱ፣ ጸጉር ያለው አንድ ገጸ ባህሪ ወስዳችሁ ካሜራው ከሩቅ ቀስ እያለ ፊቱ ድረስ የሚቀርብበት ክሊፕ በምታወዳድሯቸው ሶፍትዌሮች ሁሉ አውጡና ጎን ለጎን አጫውቱት፣ ጸጉሩ ጫፍ ላይ ያለውን መስመር እዩ፣ የሚበላሸው መጀመሪያ እዛ ነው።