ከዚራ ያለው ቤታችን ወለል ሥር ያነጠፍኩት ወፍራም ላስቲክ፦ ክረምት ካለፈበት በኋላ

መልሱን አስቀድሜ ልስጥ። ላስቲኩን ገዛሁት፣ የመሬቱ ርጥበት እንዳይወጣ ከጣውላው ወለል ሥር አነጠፍኩት፣ ዓመት አለፈው። ዛሬም ቢሆን እገዛዋለሁ። አብሮት የተሸጠልኝን ማጣበቂያ ግን በነፃ ቢሰጡኝም አልወስደውም። አሁን ወደ ዝርዝሩ።

ቤታችን በምድር ባቡሩ ዘመን ከተሠሩት የድሬዳዋ ከዚራ ሠፈር ቤቶች አንዱ ነው። የድሬ ሰው ዓይነቱን ያውቀዋል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከተማዋም ያን ጊዜ ነው የተቆረቆረችው። የእኛ ቤት ወለል መሬት ላይ አልተቀመጠም። ጣውላው በተሸካሚ እንጨቶች ላይ ነው፣ እንጨቶቹ ደግሞ በድንጋይ መሠረት ላይ። ከሥሩ ሰው በደረቱ ተስቦ የሚገባበት ባዶ ቦታ አለ። መሠረቱ ዙሪያውን የአየር ቀዳዳ አለው። የሠሩት ሰዎች ሙቀቱንም እንጨቱንም አስበውበታል።

«ድሬዳዋ እኮ በረሃ ናት፣ እርጥበት ከየት ይመጣል?» ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህን ነው። ዝናቡ ትንሽ ነው፤ ግን በልግና ክረምት ላይ ሲጥል በአንዴ ያወርደዋል። የአሮጌ ቤት አሸንዳ ተቀዶ ከሆነ ያ ሁሉ ውሃ በቀጥታ መሠረቱ ሥር ይገባል። በዚያ ላይ ግድግዳ ጥግ ውሃ የምናጠጣው ዛፍ አለ፣ የሚያንጠባጥብ ቱቦ አለ። ከቤት ሥር ያለ አፈር ደግሞ ፀሐይ አያየውም። ላዩ ደርቆ ታዩታላችሁ፣ አንድ ስንዝር ብትቆፍሩ ግን ርጥብ ነው። ያ ርጥበት በዓይን ሳይታይ ተንኖ ይወጣል፣ ከላዩ ያለው እንጨትም ይጠጣዋል።

በእኛ ቤት ምልክቱ የጀመረው ከጓዳው አጠገብ ካለው መኝታ ክፍል ነው። ክፍሉ እምክ እምክ ይላል። ቁም ሣጥኑን ሳብ ስናደርገው ጀርባው ሻግቷል። የወለሉ ጣውላዎች ጠርዝ ጠርዛቸው ወደ ላይ ተነሥቶ መሃላቸው ጎደጎደ፤ በባዶ እግር ስትሄዱ ይሰማችኋል። ይህ የሚሆነው የጣውላው ሆድ ከጀርባው ይልቅ ሲርስ ነው፤ ከታች ያብጣል፣ ከላይ አያብጥም፣ ስለዚህ ይቆለመማል። እናቴ «ይሄ ክፍል ይከብደኛል» እያለች ሳሎን መተኛት ከጀመረች ቆይታለች።

ከመግዛቴ በፊት አንድ ሙከራ አደረግሁ። ቤቱ እንደኛ ያለ ሁሉ ቢሞክረው ደስ ይለኛል፣ ወጪ የለውም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ነጭ፣ የሚያሳይ ላስቲክ ወለሉ ሥር መሬቱ ላይ ዘረጋሁ። አራቱንም ጠርዝ በአፈርና በድንጋይ ጫንኩት። አሳድሬ በማግስቱ በባትሪ አየሁት። የላስቲኩ ሆድ በውሃ ጠብታ ተሸፍኗል። በጣት ነካ ሳደርገው ጠብታዎቹ ተያይዘው ወረዱ። ክረምቱ ወጥቶ ነበር፣ ዝናብ ከጣለ ሰንብቷል። ከአንድ ካሬ ይህን ያህል ከወጣ፣ ከቤቱ ሥር በሙሉ በየሌሊቱ ስንት እንደሚወጣ አስቡት።

ያማከርኩት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ነገር ነው ያለኝ፦ «ጣውላውን አንሣው፣ ድንጋይ ሙላበት፣ ሲሚንቶ አፍስስበት፣ ሴራሚክ አልብሰው፣ ተገላገል።» ከዚራ ውስጥ ይህ የደረሰባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። እኔ አልተስማማሁም፤ ምክንያቴም ለአሮጌ ነገር መሳሳት ብቻ አይደለም። ሥሩን ስትሞሉት የአየር ቀዳዳውን ትደፍናላችሁ። መሬቱ ውስጥ ያለው ውሃ ግን የትም አይሄድም፤ መውጫ ሲያጣ በግድግዳው ይወጣል። የድሮው ግድግዳ በኖራ የተገነባና በኖራ የተለሰነ ስለሆነ ይተነፍሳል፤ የገባበትን ርጥበት መልሶ ያስወጣል። በሲሚንቶ ከለሰናችሁት ግን ርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፣ ጨው እየገፋ ልስኑን ይገሸልጠዋል። የድሬ ውሃ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ሁላችንም እናውቀዋለን። ግድግዳ ላይም የሚያብበው እንዲሁ ከውሃው ጋር የመጣ ማዕድን ነው።

ስለዚህ ላስቲክ። እዚሁ ድሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ በየሱቁ የሚሸጠው ስሱ ላስቲክ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በጉልበታችሁ ስትሳቡበት ይቀደዳል፣ አንድ ሹል ጠጠር ይበቃዋል። ለዚህ ሥራ በውጭ አገር በዝቅተኛነት የሚጠቀሰው ውፍረት 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ሰው ገብቶ የሚሠራበት ቦታ ከሆነ 0.25 እና ከዚያ በላይ ይመረጣል። እኔ የወሰድኩት 0.5 ሚሊ ሜትር ጥቁሩን ነው፤ ገበሬው የዝናብ ውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ የሚያለብስበትን። ለውሃ ማቆሪያ የተሠራ ነገር ስለሆነ ጥንካሬው አያጠያይቅም። ችግሩ ክብደቱና ድርቅናው ነው። ጥግ ላይ አልታጠፍም ይላል። ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ዘርግተነው ሲሞቅ ለስለስ ስለሚል በየክፍሉ ልክ ቆርጠን፣ ሳይበርድ አስገባነው።

ከማንጠፉ በፊት ያለው ሥራ ከማንጠፉ ይበልጣል። በቅድሚያ ከውጭ የሚመጣውን ውሃ መቁረጥ ነው። አሸንዳውን አስቀየርኩ፣ ከግድግዳው ሥር ያለውን አፈር ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አስደለደልኩ፣ የጓዳውን ፍሳሽ ቱቦ አስጠገንኩ። ይህ ሳይደረግ ላስቲክ ማንጠፍ ገንዘብ መጣል ነው። ላስቲኩ የሚከለክለው እንፋሎትን እንጂ የሚፈስ ውሃን አይደለም። ከዚያ ጽዳት። ከቤታችን ሥር የወጣው ስብርባሪ ጣውላ፣ የበሰበሰ ሳጥንና ካርቶን ጋሪ ሞልቷል። መሬት የነካ እንጨት የምስጥ ቀለብ ስለሆነ አንድም ቁራጭ መቅረት የለበትም።

አነጣጠፉ እንዲህ ነው። አንዱ ቁራጭ በሌላው ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደረባል፣ መጋጠሚያውም በማጣበቂያ ይለጠፋል። ጠርዙ በግድግዳው ላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በጠፍጣፋ ብረትና በቡሎን ይያዛል። ወለሉን የሚሸከሙት የድንጋይ ምሰሶዎችም ዙሪያቸውን ይለብሳሉ። የሠራልን አናጢ፣ በዕድሜ የገፉ የድሬ ልጅ፣ አንድ ነገር አጥብቀው ነገሩኝ፦ «ልጄ፣ ላስቲኩን እስከ እንጨቱ አታድርሰው። ምስጥ ከኋላው ቢወጣ በምን ታየዋለህ?» እውነታቸውን ነው። ከላስቲኩ ጫፍ እስከ እንጨቱ ያለው ግድግዳ ራቁቱን ይቀራል። ምስጥ የጭቃ መንገዱን ሠርቶ ከወጣ እዚያ ላይ ይታያል።

አሁን ውጤቱ። ሽታው ነው መጀመሪያ የጠፋው፣ ሳምንታት ነው የፈጀበት። እንጨቱ ግን ቀስ ይላል። የቤት ዕቃ ከሚሠራ ወዳጄ የእንጨት እርጥበት መለኪያ እየተዋስኩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እለካ ነበር። ከማንጠፌ በፊት ተሸካሚዎቹ እንጨቶች ከ22 እስከ 24 በመቶ ያሳዩ ነበር። ከ20 በመቶ በላይ ሲቆይ የመበስበስ አደጋ ስለሚመጣ ያ ቁጥር ያስፈራኝ ነበር። በበጋው ወደ 13 ወረደ። የፈራሁት ክረምቱን ነበር፤ ነሐሴ ላይ እንኳ ከ16 አላለፈም። በሩ ሳይገፋ ይዘጋል። እናቴም ወደ ክፍሏ ተመልሳለች፣ ለእኔ ከቁጥሩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

የተቆለመሙት ጣውላዎች አብዛኞቹ ተመልሰው ተዘረጉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም። እዚህ ላይ አንድ ምክር፦ ወለሉን ለማስላግ አትቸኩሉ። ገና ሳይደርቅ የተነሣውን ጠርዝ ካስላጋችሁት፣ ሲደርቅ መሃሉ ያብጥባችኋል። ቢያንስ አንድ በጋ ይለፈው። የበሰበሰ እንጨትን ደግሞ ላስቲክ አያድነውም። ከጓዳው በኩል ያሉትን ሁለት ተሸካሚዎች በአዲስ ተክተናቸዋል።

ቅር ያሰኘኝ ነገርም አለ። ማጣበቂያው የግንቦትን ሙቀት አልቻለም። የድሬ ግንቦት ምን እንደሆነ ለድሬ ሰው አይነገርም። ገብቼ ሳይ ግማሹ ተላቆ ተጠቅልሏል፣ ሙጫውም አቧራ ጠጥቶ ደርቋል። ሻጩ «ለማንኛውም ሙቀት ይሆናል» ብሎ ነበር። በቡታይል ጎማ በተሠራው ወፍራም ማጣበቂያ ቀየርኩት፤ ላስቲኩን በጨርቅ ጠርጌ፣ ለጥፌ፣ በእጄ አሸሁት። ይኸው እስካሁን አልተነቃነቀም። ዋጋው ይከብዳል፣ ግን ሥራው ያለ እሱ ሙሉ አይሆንም።

ያልጠበቅኩት ጥቅምም አገኘሁ። ሐምሌ ላይ ስፈትሽ ከመታጠቢያ ቤቱ በታች ላስቲኩ ላይ ውሃ አቁሯል። ላዩን ሳይ የቱቦው መጋጠሚያ ያንጠባጥባል። ድሮ ቢሆን ያ ውሃ አፈሩ ውስጥ ሰርጎ ማንም ሳያውቅ ይኖር ነበር። አሁን በግልጽ ስለሚታይ በዚያው ሳምንት ተጠገነ። ስለዚህ በየወቅቱ አንድ ጊዜ ባትሪ ይዞ መግባት የግድ ነው። አንጥፎ መርሳት አይቻልም።

የአየር ቀዳዳዎቹን በተመለከተ ከውጭ የሚመጣው ምክር ያሳስታል። «ቀዳዳውን ሁሉ ዝጉ» የሚሉት እንደ አሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ያለ ርጥብ ሙቀት ያለበት አገር ሰዎች ናቸው። እዚያ በጋ ላይ የሚገባው አየር ራሱ ውሃ የተሸከመ ነው፤ ቀዝቃዛው የወለል ሥር ሲደርስ ጤዛ ይሆናል። የእኛ አየር ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ ስለሆነ መድኃኒት ነው። ቀዳዳዎቹን ከፍቼ አይጥና እባብ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ብቻ አለበስኳቸው።

ደቻቱ ዳር ላላችሁ ግን ይህን አልመክርም። ያ ወንዝ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ጎርፍ የሚገባበት ቤት ሥር ላስቲክ ካለ ውሃው ከላዩ ታቁሮ ይቀራል፣ ጭቃውን ማውጣትም ሌላ ስቃይ ነው። በግድግዳ የሚወጣ ርጥበት ላለበትም መፍትሔው ሌላ ነው። የእኛም የጓሮ ግድግዳ ዛሬም ጨው ያብባል፤ የሲሚንቶ ልስኑ ተነሥቶ በኖራ እስኪለሰን ድረስ ላስቲኩ አይረዳውም።

ወጪው፣ ማጣበቂያው ሁለት ጊዜ ተገዝቶም፣ አሸንዳውም ተጨምሮ፣ ለሲሚንቶና ለሴራሚኩ ከተጠየቅኩት ግማሽ አልሞላም። የበረንዳው ሥር ገና ነው። ከበልጉ በፊት በዚሁ ላስቲክ ይሠራል፣ ማጣበቂያው ከመጀመሪያውኑ ቡታይሉ ይሆናል።