የያሪሴ ካቴና ከ11 ወር በኋላ፦ የአንዲት ጥርስ ነገር

ነገሩ የተጀመረው ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ነው። መስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ብርዱ ጣት በሚያደነዝዝበት ሰዓት ሞተሩን ሳስነሳ ከኮፋኖው ሥር ጠጠር የተሞላ ቆርቆሮ የሚነቀነቅ የሚመስል ድምፅ መጣ። ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ጠፋ። እናቴ በረንዳው ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማ ነበር። «ይቺ መኪና ጥርሷን ታፋጫለች» አለች። ከዚያ በኋላ ያናገርኳቸው መካኒኮች አንዳቸውም ከእሷ አሻሽለው አልገለጹትም።

መኪናዋ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ2007 ሞዴል ቶዮታ ያሪስ ናት። ሞተሯ 1,497 ሲሲ፣ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ የሚባለው ነው። በ2012 ዓ.ም. ስገዛት ቆጣሪዋ 140,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ያሳይ ነበር፤ ድምፁ በተሰማበት ቀን 212,000 አልፏል። ሻጩ «ካቴና ነው እንጂ ቺንጋ አይደለም፤ ዕድሜ ልክሽን አትነኪውም» ብሎኝ ነበር። ካቴና የሞተሩ የብረት ሰንሰለት ነው፤ ቺንጋ ደግሞ ያንኑ ሥራ የሚሠራ የጎማ ቀበቶ። ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ቺንጋ ያላቸው ብዙ ሞተሮች 100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርሱ ቺንጋቸው እንዲቀየር ይታዘዛል፤ ለካቴና እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ቀጠሮ አይሰጥም። ሻጩ ያልነገረኝ የካቴናው ዕድሜ በዘይቱ ንጽሕና የሚለካ መሆኑን ነው። እኔ ደግሞ ለዓመታት ዘይት መጨመርን ከዘይት መቀየር ጋር የማምታታ ሰው ነበርኩ። በ5,000 መቀየር የነበረበትን 10,000 አድርሼ፣ አንዳንዴም አሳልፌ እነዳ ነበር። ስለዚህ የዚህ ጥፋት መነሻ ሌላ ማንም አይደለም።

ካቴናው ምን እንደሚሠራ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልናገር። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ክራንክሻፍት ታች አለ፤ ቫልቮቹን የሚከፍቱና የሚዘጉት ሁለት ካምሻፍቶች፣ አንዱ የአየር ማስገቢያው ሌላው የጭስ ማውጫው፣ ከላይ አሉ። ካቴናው በየጫፋቸው ባሉት ባለጥርስ ጊሮች ላይ ተጠምዶ ሁለቱን ወገን ያስተሳስራል፤ ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቶቹ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራሉ። ካቴና «ረዘመ» ሲባል ብረቱ እንደ ጎማ ተለጥጦ አይደለም። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ውስጥ ያለችው ፒን በቆሸሸ ዘይት ትንሽ በትንሽ ትበላለች፤ የመቶ ምናምን መጋጠሚያ ብናኝ ሲደመር ርዝመት ይሆናል። የላላውን የሚስበው ቴንሽነር የሚባለው መወጠሪያ ሲሆን ኃይሉን የሚያገኘው ከዘይት ግፊት ነው። መኪናው ሲያድር ግፊቱ ይጠፋል። የዚያ የማለዳ ሦስት ሰከንድ ጩኸት ምክንያቱ ይህ ነው፤ ዘይቱ እስኪደርስለት ድረስ ካቴናው ሽፋኑን ይደበድባል። መላላቱ ከመወጠሪያው አቅም ካለፈ ካቴናው የጊሩን ጥርስ ሊዘል ይችላል። በዚህ ሞተር ላይ ዝላዩ ከበዛ ቫልቭ ከፒስተን ጋር ይጋጫል፤ ያን ጊዜ የሚወራው ስለ ካቴና ሳይሆን ስለ ቴስታታ፣ ቫልቮቹን ስለያዘው የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ቢጫዋ የሞተር መብራት በራች። በመመርመሪያ ሲነበብ ኮዱ ፒ 0016 ሆነ፤ የክራንክሻፍቱና የካምሻፍቱ አቀማመጥ አልተጣጣመም ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዳገት ስወጣ መኪናዋ እንደ ደከመ በቅሎ ቆም ቆም ማለት ከጀመረች ሰንብታ ነበር፤ እኔ ግን ቤንዚኑን እወቅስ ነበር።

ጥቅምት ላይ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ኦሪጅናል ለተባለው ሙሉ ዕቃ 36,000 ብር ጠየቁኝ። «ታይዋን ነው» የተባለውን በ14,500 ብር ገዛሁ። ሳጥኑ ውስጥ ካቴናው፣ ካቴናው የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፕላስቲኮች፣ መወጠሪያው፣ የክራንክሻፍቱ ጊር፣ የጭስ ማውጫው ካምሻፍት ጊርና የፊት ዘይት መከላከያ ጎማ ነበሩ። የማስገቢያው ካምሻፍት ጊር፣ ቪቪቲአይ የሚባለው፣ አልነበረበትም፤ አሮጌው ተመልሶ ተገጠመ። በርካሽ ሳጥኖች ውስጥ ይህ ጊር ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ የምትገዙ ሰዎች ከመክፈላችሁ በፊት ሳጥኑን አስከፍታችሁ ቁጠሩ።

መጀመሪያ የሠራው ሰፈሬ ያለ ጋራዥ ነው። መካኒኩ ወጣት፣ እጁ ፈጣን፣ አንደበቱ ደግሞ ከእጁ የፈጠነ ነው። አጠገቡ ቆሜ ስመለከት «እህቴ፣ አንቺ ሂጂና ቡናሽን ጠጪ፤ ይህ የእኛ ጣጣ ነው» አለኝ። ቡናዬን ጠጣሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ቡና እሱ ነው። አሮጌውን ካቴና ከማውጣቱ በፊት በነጭ ቀለም በሁሉም ጊሮች ላይ ምልክት አድርጎ፣ ያንኑ ምልክት ወደ አዲሱ አሻግሮ ገጠመ። በአንድ ቀን ተኩል ጨረሰ፤ 6,000 ብር ተቀበለ። ድምፁ ጠፋ። እኔም መረቅሁት።

በሦስተኛው ቀን መብራቷ ተመልሳ በራች። ያው ፒ 0016። ወጣቱ «ሴንሰሩ ነው» አለ። ሌላ ቀን ሄድኩ፤ «ሁለተኛው ሴንሰር ነው» አለ። ዳገት ላይ ያለው ድካም ፈቀቅ አላለም፤ በአንድ ሊትር የምሄደው 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ሦስተኛ ሴንሰር እስኪፈለግልኝ አልጠበቅሁም።

ኅዳር ላይ የሥራ ባልደረባዬ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ላከችኝ። ጋራዡ ሁለት መኪና ብቻ የሚይዝ ነው፤ ሁሉም ሰው «ጋሼ» ይላቸዋል። ታሪኩን ስነግራቸው ስለ ሴንሰር ምንም አልጠየቁኝም። «ምልክቱን ከየት አመጣው?» ነው ያሉት። የነጩን ቀለም ነገር ስነግራቸው ሳቁ።

የፊት ሽፋኑን አልነኩም። የቴስታታውን ክዳን ብቻ ከፈቱና ካንዴላዎቹን አወጡ። ከዚያ ክራንክሻፍቱን በቁልፍ፣ በእጃቸው፣ ቀስ እያሉ አዞሩት፤ ክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ባለው መዘውር፣ በፑሊው፣ ላይ ያለችው ጭረት ሽፋኑ ላይ ከተጻፈው ዜሮ ፊት ለፊት ስትመጣ አቆሙ። የአንደኛው ሲሊንደር ፒስተን ጫፍ ላይ ደርሷል ማለት ነው። የማስገቢያው ጊር በመቆለፊያ ቦታው ላይ መሆኑን አረጋገጡ፤ ይህ ጊር በዘይት ግፊት ወዲያና ወዲህ ስለሚል ካልተቆለፈ ምልክቱ ያታልላል። ከዚያ የእጅ ባትሪ አብርተው ጠሩኝ። የጭስ ማውጫው ካምሻፍት ምልክት በቦታው ቀጥ ብሎ ቆሟል። የማስገቢያው ግን አንዲት ጥርስ ወደ ኋላ ቀርቷል።

«ልጄ፣ ልጁ ሥራ ያውቃል» አሉኝ። «ስህተቱን አሳምሮ ነው የገለበጠው።»

አሮጌው ካቴና ገና ሳይወጣ ጥርስ ዘሎ ነበር። ወጣቱ በነጭ ቀለም ያስቀመጠው ሞተሩ መሆን የሚገባውን ሳይሆን ታሞ የተገኘበትን ሁኔታ ነው። 14,500 ብር የወጣበት አዲስ ካቴና በሽታውን በጥንቃቄ ጠብቆ ተገጠመ። ኦሪጅናሉን በ36,000 ብር ገዝቼ ቢሆን ኖሮም ውጤቱ ያው ነበር። ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ከሳጥኑ ይልቅ ይህ ነው፤ ሰዎች ስለ ካቴና ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የሚያነሱት «የየት አገር ነው?» የሚለውን ነውና።

በማግስቱ ሁሉም ነገር ተፈታ። በዚህ ጊዜ ቡና አልጠጣሁም። ሞተሩ ከሥር በክሪክና በጣውላ ተደግፎ የቀኝ ጎን መሸከሚያው ወጣ፤ ዘይቱ ተንቆረቆረ፤ የፊት ሽፋኑ ተነሣ። ጋሼ አዲሱን መወጠሪያ አንስተው ዘንጉን በአውራ ጣታቸው ገፉት። መወጠሪያው ውስጥ ዘንጉን ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትይዝ ጥርስ አለች፤ ቆልፋ መያዝ ነበረባት። የእኔው ግን እንደ ሲሪንጅ ተንሸራቶ ገባ። ሦስት ሳምንት ያገለገለ አዲስ ዕቃ ነው። እንደገና ሶማሌ ተራ ሄጄ ኦሪጅናል መወጠሪያ ብቻውን በ7,200 ብር ገዛሁ፤ ከመክፈሌ በፊት ዘንጉን በአውራ ጣቴ ስገፋው ሻጩ በመገረም አየኝ።

አዲሱ ካቴና ላይ ቀለማቸው ከሌሎቹ የተለየ ሦስት መጋጠሚያዎች አሉ፤ አንዷ ከክራንክሻፍቱ ጊር ምልክት፣ ሁለቱ ከካምሻፍቶቹ ጊሮች ምልክት ጋር ይጋጠማሉ። ጋሼ የሠሩት በእነዚህ ነው፤ ነጩን ቀለም በቤንዚን አጠቡት። መወጠሪያ በሌለበት በኩል ካቴናው ጥብቅ መሆኑን፣ የላላው ሁሉ ወደ መወጠሪያው በኩል መሰብሰቡን አዩ፤ ይህ ካልሆነ መወጠሪያው ሲለቀቅ የተገጣጠመው ምልክት ይሸሻል። ከዚያ ክራንክሻፍቱን ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዞሩት። እዚህ ላይ ደነገጥኩ፤ ባለቀለሞቹ መጋጠሚያዎች ከምልክቶቹ ርቀው ሄዱ። «እነሱ ለመግጠሚያ ብቻ ናቸው፤ ተመልሰው እስኪገናኙ ብዙ ዙር ያስፈልጋል» አሉኝ። መታየት ያለባቸው የፑሊውና የጊሮቹ ምልክቶች ናቸው፤ እነሱ በቦታቸው ነበሩ። የፑሊውን ቡሎን በሚለካ ቁልፍ 128 ኒውተን ሜትር ላይ አጠበቁት፤ ሽፋኑን በሲሊኮን ዘግተው ዘይት ሳይሞሉ አሳደሩት። ከቴስታታው ላይ ያለችውን የቪቪቲአይ ዘይት ማጣሪያ ወንፊትም አውጥተው አሳዩኝ፤ እንደ ቡና አተላ በጠቆረ ነገር ግማሿ ተደፍኗል። የእኔ የ10,000 ኪሎ ሜትር ዘይት።

በማግስቱ 3.7 ሊትር አዲስ ዘይት ገብቶ ተነሣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ መብራቷ አንድም ጊዜ አልበራችም።

አሁን ወደ ወራቱ። ከአያት ስድስት ኪሎ ደርሶ መልስ የዕለት መንገዴ ነው፤ በወር ሁለት ጊዜ ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ፣ 130 ኪሎ ሜትር። ከተስተካከለች በኋላ በአንድ ሊትር በከተማ 12.5፣ በደብረ ብርሃን መንገድ 15 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትሄዳለች፤ ይህን የማውቀው ታንክ ሞልቼ በደብተር እየመዘገብኩ ነው። ዳገት ላይ እንደ ድሮዋ ማርሽ ሳላወርድ የምወጣቸው ቦታዎች ተመልሰዋል። ዋናው ፈተና ግን ታኅሣሥ ላይ የእናቴ ግቢ ነበር። መስታወቱ ውርጭ ለብሶ ያደረበት ማለዳ ቁልፉን አዞርኩ፤ ጆሮዬን ከመስኮት አውጥቼ ሰማሁ። ምንም የለም። እናቴም ከበረንዳው ሰምታ «ዛሬስ ዝም አለች» አለች።

እንከኑን ልደብቅ አልፈልግም። መጋቢት ላይ ከፊት ሽፋኑ የታችኛው ማዕዘን ዘይት ማላብ ጀመረች። አይንጠባጠብም፤ ግን ጣት ሲነካው ያረጥባል። ጋሼ አይተው ከሲሊኮኑ በፊት ማዕዘኑ በደንብ ሳይደርቅ እንዳልቀረ ራሳቸው አመኑ፤ ለመዝጋት ሁሉም እንደገና መፈታት ስላለበት እስኪብስ ተስማምተን ተውነው። ከጊሮቹ አንዱ በ80 ፍጥነት አካባቢ ቀጭን ፉጨት አለው፤ ሬዲዮ ከተከፈተ አይሰማም። በሐምሌ ጋሼ ክዳኑን ከፍተው ምልክቶቹን ሲያዩ በቦታቸው ነበሩ፤ ፕላስቲኮቹም በሚታየው በኩል አልተበሉም።

ወጪው ሲደመር፦ ዕቃው 14,500፣ የመጀመሪያው ሥራ 6,000፣ የሁለተኛው 5,000፣ መወጠሪያው 7,200፣ ለሁለት ጊዜ ዘይት፣ ማጣሪያና ሲሊኮን 7,600፤ በጠቅላላ 40,300 ብር። ለአንድ አሮጌ ያሪስ ብዙ ነው የሚል ይኖራል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ግን ያለችኝን መጠገን ከመሸጥ ይሻለኛል።

እንደገና ብገዛ ያንኑ ካቴናና ያንኑ ፕላስቲክ እገዛለሁ። መወጠሪያውን ግን ከሳጥኑ አውጥቼ እዚያው ለሻጩ እመልስለታለሁ። ዘይት አሁን በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ቀኑ ዳሽቦርዱ ላይ በወረቀት ተለጥፏል።

አሮጌውን ካቴና ጋሼ ከአዲሱ ጎን በአንድ ምስማር ላይ ሰቅለው አሳይተውኝ ነበር። ልዩነቱ ከሦስት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ይዤው ደብረ ብርሃን ሄድኩ፤ እናቴ በነጭ ጋዝ አጥባ የበጎቹን በረት በር ታስርበታለች። እስካሁን ጥርስ አልዘለለም።