ለማማችን የገዛነው የደኅንነት ቀበቶ

ባለፈው መስከረም ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን፣ ሚኒሶታ ውስጥ በአንደኛው ጓደኛችን ይዞታ ላይ ካለ ጠና ያለ የኦክ ዛፍ ጋር ተደግፎ የሚቆም፣ 4 ሜትር ከፍታ ያለው የአጋዘን አደን ማማ በጣውላ ሠርተን ነበር። አገር ቤት ሰብል ከዝንጀሮ ከሚጠበቅበት ማማ እምብዛም ባይለይም፣ የመሰላሉን እርከኖች በሚስማር ሳይሆን በቡሎንና በዳዶ አጥብቀናል። እዚህ የምገመግመው ግን ማማውን ስንሰቅልና ለአደን ስንቀመጥበት የታጠቅነውን፣ ትከሻን፣ ደረትንና ጭንን አንድ ላይ የሚይዘውን የደኅንነት ቀበቶ ነው።

ቀበቶው እስከ 136 ኪሎ ግራም እንዲሸከም የተሠራ ሲሆን፣ ወፍራም ካፖርት ላይ ሲታጠቁትም ትከሻን አይቆርጥም። ከዛፉ ጋር የሚያያዘው ገመድ ከራስ ከፍታ ላይ ከታሰረና ሲቀመጡ ካልረገበ፣ ሰው ቢያዳልጠው እንኳ ብዙ ሳይወርድ ይይዘዋል። ተንጠልጥሎ መቆየት የእግርን የደም ዝውውር ስለሚያውክ፣ እግር የሚረገጥበት ተጨማሪ ማሰሪያ አብሮት መምጣቱን ወድጄዋለሁ።

የጭኑ ዘለበት ግን ብረት በመሆኑ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ይንቃጨላል፤ የአጋዘንን ጆሮ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም፤ እኛም በአሮጌ ካልሲ ጠቅልለን ዝም አሰኘነው። ከዚህ የከፋው፣ ሰው መሰላሉን ሲወጣና ሲወርድ ሳይፈታ የሚያያዝበት ረጅም ገመድ ከቀበቶው ጋር አለመኖሩ ነው። ለብቻው ያዘዝነው ገመድ በሦስት ቀን ዘግይቶ ስለደረሰ፣ ማማውን መስቀላችን ወደ ቀጣዩ ቅዳሜ ተላለፈ።