በፀሐይ የሚሠራው የድምፅ መጽሐፍ ቅዱስ ማጫወቻ በአገልግሎት መስክ ላይ ሲመዘን

ከቤተሰቡ ርቆ፣ ቋንቋውን ገና አጥርቶ በማይናገረው ሕዝብ መካከል የሚያገለግል ወጣት ሚሲዮናዊ በሻንጣው ውስጥ ምን ቢይዝ ይጠቅመዋል ብባል፣ ከልብስና ከመድኃኒት ቀጥዬ የምጠራው በመዳፍ የሚያዘውን፣ ባትሪውን ከፀሐይ ብርሃን የሚሞላውን የድምፅ መጽሐፍ ቅዱስ ማጫወቻ ነው። ጉድለቶች አሉበት፤ አንዳንዶቹም ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ስለሆኑ በዚህ ግምገማ ውስጥ ሰፋ ያለ ቦታ እሰጣቸዋለሁ። ሆኖም ጀማሪ አገልጋይ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚቸገረው አንደበቱ እስኪፈታ ድረስ ባለው ረጅም ጊዜ ነው፤ ያንን ጊዜ ባዶ እንዳይሆን ያደረገልኝ ዋነኛ ዕቃ ይህ ማጫወቻ ነው።

የምገመግመው ዓይነት ከእጅ ስልክ ወፈር ያለ፣ በጀርባው ሶላር የተለጠፈበት፣ በፊቱ ስፒከርና ጥቂት ቁልፎች ያሉት፣ ስክሪን የሌለው ማጫወቻ ነው። ድምፁን የሚያነበው ከሚሞሪ ካርድ ሲሆን በዩኤስቢ ገመድም ቻርጅ ይደረጋል፤ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያም አለው። ይህን የመሰሉ ማጫወቻዎችን የተለያዩ አምራቾች ስለሚያወጧቸው ግምገማዬ የሚመለከተው ዓይነቱን እንጂ አንድን የንግድ ስም አይደለም።

ወንጌልን በተቀዳ ድምፅ የማድረስ ሥራ ረጅም ታሪክ አለው። በሆንዱራስ ታገለግል የነበረችው አሜሪካዊት ሚሲዮናዊት ጆይ ሪደርሆፍ ታምማ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ፣ ራሷ መሄድ ላልቻለችባቸው መንደሮች በስፓኒሽ መልእክት እየቀዳች መላክ ጀመረች፤ ከዚህ ጅማሬ እ.ኤ.አ. በ1939 በሎስ አንጀለስ የተቋቋመው አገልግሎት ዛሬ ግሎባል ሪከርዲንግስ ኔትወርክ የሚባለው ሲሆን፣ ከ6,000 በሚበልጡ ቋንቋዎችና ዘዬዎች የተቀዱ መልእክቶች አሉት። ይኸው አገልግሎት ኤሌክትሪክ ለሌለበት አካባቢ ከታጠፈ ካርቶን የተሠራ፣ ሸክላው በእጅ እየተሽከረከረ የሚሰማ ማጫወቻ እስከማዘጋጀት ደርሶ ነበር። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ማጫወቻ የዚያ ካርቶን ተተኪ ነው፤ የሚመልሰውም ጥያቄ ያው ነው፦ ማንበብ የማይችል ወይም በገዛ ቋንቋው የተጻፈ መጽሐፍ ያላገኘ ሰው ቃሉን እንዴት ይስማ? በዓለም ላይ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አዋቂዎች ከ700 ሚሊዮን በላይ ስለሆኑ ጥያቄው አሁንም ክፍት ነው።

በእኔ ዘንድ ማጫወቻው ሥራውን የሚጀምረው ጠዋት ነው። ከጸሎት በኋላ፣ የአገልግሎት ጓደኛዬ ውኃ ቀድቶ እስኪመለስ ድረስ፣ የማገለግለው ሕዝብ በሚናገረው ቋንቋ የተነበበ አንድ ምዕራፍ በጆሮ ማዳመጫ እሰማለሁ፤ ያንኑ ምዕራፍ በአማርኛ አስቀድሜ አንብቤው ስለማድር፣ ያልገባኝ ቃል ሲመጣ ቢያንስ በየትኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ እንዳለሁ አውቃለሁ። የቋንቋ ትምህርት መጽሐፍ ሰላምታንና የገበያ ንግግርን አስተምሮኛል፤ ስለ ይቅርታ፣ ስለ ሐዘን ወይም ስለ ተስፋ ለመናገር የሚያስፈልጉኝን ቃላት ግን የሰጠኝ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያነብ ሰው ድምፅ ነው። አንባቢው የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ፣ የትኛውን ቃል እንደሚያጠብቅና ጥያቄን እንዴት እንደሚያነሣ ከወረቀት አይገኝም። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ የምጠቀምበት ማጫወቻ ወደ ምዕራፉ መጀመሪያ ይመልሳል እንጂ ጥቂት ሰከንዶች ወደኋላ የሚመልስ ቁልፍ የለውም። አንድን ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ ለመስማት ምዕራፉን ሁሉ እንደገና መጀመር ግድ ስለሚሆን ቋንቋ ለሚማር ሰው ትዕግሥት የሚፈታተን ጉድለት ነው፤ የምትገዙት ማጫወቻ ይህ ቁልፍ ያለው እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የዕቃው ትልቁ ዋጋ የሚታየው ግን ከሰዓት በኋላ፣ ሰዎችን በየቤታቸው ስንጠይቅ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ የልብስ ስፌት የሚሠሩ በዕድሜ የገፉ እናት አሉ፤ ዓይናቸው ስለደከመ መርፌውን ክር የምታስገባላቸው የልጅ ልጃቸው ናት። ማጫወቻውን በተቀመጡበት መደብ ላይ አድርጌ ከሉቃስ ወንጌል 15ኛውን ምዕራፍ፣ የጠፋውን ልጅ ታሪክ አሰማኋቸው። መጀመሪያ ላይ ስፌታቸውን አላቆሙም። አባትየው ልጁን ከሩቅ አይቶ ወደ እርሱ ሲሮጥ የሚለው ላይ ሲደርስ ጨርቁን ጭናቸው ላይ አሳረፉና ማጫወቻውን አንሥተው ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። ታሪኩ ሲያልቅ የጠየቁኝ ስለ ታናሹ አልነበረም፤ «ልጄ፣ ታላቅየው መጨረሻ ላይ ወደ ቤት ገባ ወይስ ውጭ ቀረ?» አሉኝ። ወንጌሉ ይህን አይነግረንም፤ ታላቁ ወንድም ተቆጥቶ ከደጅ እንደቆመ፣ አባቱም እየለመነው ታሪኩ ያበቃል። እኔም ባለኝ ጥቂት ቃል «እርስዎ ቢሆኑስ፣ እናቴ?» ብዬ ብቻ መለስኩላቸው። እርሳቸውም ከእኅታቸው ጋር ስለተኳረፉበት ነገር ረጅም ጊዜ አጫወቱኝ፤ ግማሹን ብቻ ነው የተረዳሁት፣ ጓደኛዬ ግን ሁሉንም ተረድቶ አብሯቸው ጸለየ።

በዚያ ግቢ ውስጥ ታሪኩን በራሴ አፍ ልተርከው ብሞክር ኖሮ እኚህ እናት ጊዜያቸውን የሚያጠፉት የተሳሳተ አነጋገሬን በማረም ነበር። ማጫወቻው ታሪኩን በንጹሕ ቋንቋቸው ሲነግራቸው እኔ አብሬያቸው አድማጭ ሆንኩ፤ አብሮ የሚሰማ እንግዳ ደግሞ ሊያስተምር ከመጣ እንግዳ ይልቅ ቶሎ ይለመዳል። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ እናደርጋለን፦ ድምፁን ከመክፈታችን በፊት የቤቱን ባለቤት እንጠይቃለን፣ አይሆንም ካለንም ማጫወቻው ከቦርሳ አይወጣም። መሣሪያው ትንሽ ስለሆነ ብቻ በሰው ቤት ውስጥ ያለፈቃድ ሊናገር አይገባም ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

ስለ ድምፁ ጥራት ስናገር፣ ቤት ውስጥ ለተሰበሰቡ ጥቂት ቤተሰቦች ከበቂ በላይ ነው፤ ውጭ፣ ነፋስ ባለበትና ሕፃናት በሚጫወቱበት ቦታ ግን ከጥቂት እርምጃ በኋላ ቃሉ መለየት ያቅታል። ድምፁ እስከ መጨረሻው ከፍ ሲደረግ ስፒከሩ ይንጫጫል፤ ስለዚህ ከከፍተኛው ዝቅ አድርጎ ሰዎቹን ቀረብ ብለው እንዲቀመጡ መጋበዝ ይሻላል። ለብዙ ሕዝብ የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነት መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሆሳና በሚል ስም የተጀመረውና ዛሬ ስሙን «እምነት ከመስማት ነው» ከሚለው ከሮሜ 10፥17 ወስዶ የሚጠራው ፌይዝ ከምስ ባይ ሂሪንግ የተባለው የአሜሪካ አገልግሎት ፕሮክሌመር የሚለውን ማጫወቻ የሠራው ለዚህ ነው፤ በሶላርም በእጅ በሚዞር እጀታም ኃይል ያገኛል፣ እስከ 300 ሰው ለሚሆን ጉባኤ እንዲሰማም ታስቦ ተዘጋጅቷል። በእግሩ ከቤት ወደ ቤት ለሚሄድ ወጣት ግን ትንሹ ይመረጣል።

ባትሪውንና ሶላሩን በተመለከተ ሻጮች የሚናገሩትን በስሌት መመዘን ይገባል። 1,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሆነ የ3.7 ቮልት ባትሪ 3.7 ዋት ሰዓት ኃይል ይይዛል። ማጫወቻው ጀርባ ላይ ያለው ሶላር ግማሽ ዋት ቢያመነጭ፣ ያለ አንዳች ብክነት እንኳ ባዶውን ባትሪ ለመሙላት ከሰባት ሰዓት በላይ የጠራ ፀሐይ ያስፈልገዋል፤ ደመና፣ አቧራና የፀሐይዋ ማዘንበል ሲጨመሩ ደግሞ ሙሉ ቀን አይበቃውም። ስለዚህ ሶላሩ በየቀኑ የተቀነሰውን ለመተካት እንጂ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉን ለመሙላት የሚታመን አይደለም። ከዚህ የሚብሰው ሙቀቱ ነው። አብዛኞቹ ማጫወቻዎች የሚሠሩት ከጥቁር ፕላስቲክ ሲሆን ባትሪያቸው ሊቲየም ነው፤ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ቻርጅ ሲደረግ ዕድሜው ያጥራል። በቀትር ፀሐይ ድንጋይ ላይ የተተወ ጥቁር ማጫወቻ ይህን መጠን በቀላሉ ያልፋል። እኛ የምናሰጣው ጠዋትና አመሻሽ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ከፍ አድርገን ነው፤ ሶላሩንም በእርጥብ ጨርቅ አቧራውን እንጠርግለታለን።

አሁን ብዙ አገልጋዮችን የሚያስቸግረውን፣ በማሸጊያው ላይ ግን የማይጻፈውን ነገር ላንሣ። ካርዱን ራሱ የሚያዘጋጅ ሰው ስለ ቦታ መጨነቅ የለበትም። አዲስ ኪዳን ሲነበብ ሃያ ሰዓት ገደማ የሚወስድ ሲሆን፣ ለንግግር በሚበቃው በሰከንድ የ64 ኪሎቢት ጥራት ሲቀዳ አንዱ ሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ ሁሉም ተደምሮ ከ600 ሜጋባይት አይርቅም። ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች ፋይሎችን የሚያሰሙት ወደ ካርዱ በተገለበጡበት ተራ ስለሆነ፣ ፎልደሩን ባንድ ጊዜ የገለበጠ ሰው ምዕራፎቹ ተዘበራርቀው ያገኛቸዋል፤ የፋይሉን ስም የሚከተሉት ደግሞ 10ኛውን ምዕራፍ ከ2ኛው ያስቀድማሉ። ስክሪን በሌለው ዕቃ ላይ አድማጩ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የመስቀሉን ታሪክ ከልደቱ በፊት ሰምቶ ዝም ይላል። መፍትሔው የአዲስ ኪዳንን 260 ምዕራፎች ከ001 እስከ 260 በሦስት አኃዝ ቁጥር ሰይሞ፣ ባዶ በሆነ ካርድ ላይ በተራቸው መገልበጥና ለሰው ከመስጠት በፊት በየመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ እየዘለሉ መፈተሽ ነው። ብዙዎቹ ማጫወቻዎች የሚያነቡት ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት (ፎርማት) የተዘጋጀ ካርድ ስለሆነ ከ32 ጊጋባይት ያልበለጠ ካርድ መግዛትም ከችግር ያድናል።

ይህ ሁሉ በስልክ አይሠራም ወይ ለሚል ሰው፣ ይሠራል። ባይብል ዶት ኢዝ እና ፋይቭፊሽ የተባሉት ነፃ መተግበሪያዎች ብዙ ቋንቋዎችን የያዙ ናቸው፤ እኔም የምፈልገውን ቅጂ በኔትወርክ ፈልጌ የማገኘው በእነርሱ ነው። ሆኖም ስልክ በሰው ቤት ሲወጣ ሕፃናቱ ፎቶ ይጠይቃሉ፣ መልእክት ሲገባም ታሪኩ ይቋረጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስልኬን ለሰው ትቼ መሄድ አልችልም። ማጫወቻው ግን ይተዋል። እኒያ ልብስ ሰፊ እናት ለአንድ ሳምንት ሲያቆዩት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው የሉቃስን ወንጌል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰምተውታል፤ ስንመለስም ይዘውልን የጠበቁት ጥያቄ እኔ ካዘጋጀሁት ትምህርት ይልቅ የጠለቀ ነበር።

ለአገልጋዩ ለራሱስ ምን ይሰጣል? በዚህ ረገድ ያልጠበቅሁትን አግኝቻለሁ። ቀኑን ሙሉ በሌላ ቋንቋ ሲጥር የዋለ ሰው ማታ ላይ አእምሮው ይዝላል፤ ማንበብም መጸለይም የሚከብድበት ምሽት አለ፣ በተለይ በበዓል ቀንና ከቤት የሕመም ዜና በተሰማ ጊዜ። በሁለተኛ ካርድ ላይ መዝሙረ ዳዊትን በአማርኛ ይዤ ስለነበር በእንደዚህ ያሉ ምሽቶች እርሱን እሰማለሁ። እናቴና አባቴ ቀድተው የላኩልኝ ሰላምታም በዚያው ካርድ ላይ አለ፤ ጓደኛዬም የቤተሰቡን ድምፅ ጨምሮበታል። ናፍቆት በዚህ ይጠፋል አልልም፤ ነገር ግን በራስ ቋንቋ ሲጸለይ መስማት ለነገው ጠዋት አቅም እንደሚሰጥ በራሴ አይቻለሁ። ወደ መስክ የሚወጣ ወጣት ይህን ሁለተኛ ካርድ ከመሄዱ በፊት እንዲያዘጋጅ፣ ቤተሰቡም ድምፃቸውን እንዲቀዱለት አጥብቄ እመክራለሁ።

ጥንካሬው መካከለኛ ነው። ከቦርሳ ላይ ወድቆ አልተሰበረም፣ ዝናብም በጥቂቱ ነክቶት ሠርቷል። የዩኤስቢ መግቢያውን የሚሸፍነው ጎማ ግን ቶሎ ተበጥሶ አቧራ ማስገባት ጀመረ፤ የሸጠልን ድርጅት መለዋወጫ እንደሌለው ነገረን፣ እኛም ከብስክሌት ካሜራዳሪ ላይ ቆርጠን ሸፈንነው። ባትሪው ተፈትቶ የሚቀየር መሆን አለመሆኑንም ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በአገልግሎት መስክ ላይ ባትሪው የሞተ፣ ሊፈታም የማይችል ማጫወቻ ጥቅም የለውም። በአውሮፕላን የምትጓዙ ከሆነ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ የሚያዘው በእጅ ሻንጣ ውስጥ እንጂ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ እንዳልሆነ አስታውሱ።

የሚገዛው ቤተ ክርስቲያን ወይም ላኪ ድርጅት ከሆነ፣ ምርጫው ከዕቃው በፊት ከቅጂው ሊጀምር ይገባል፦ አገልጋዩ በሚሄድበት አካባቢ በሚነገረው ዘዬ የተነበበ ቅጂ መኖሩን አጣሩ፣ የአካባቢውን ምእመናንም አሰሙና አንባቢው እንደ እነርሱ ይናገር እንደሆነ ጠይቁ። ቅጂው ከተገኘ ለእያንዳንዱ አገልጋይ አንድ ሳይሆን ሁለት ማጫወቻ ስጡት፤ አንዱ በእጁ ይኑር፣ ሌላው በየቤቱ እየዞረ ይደር። በጀቱ ለሁለት ውድ ማጫወቻ የማይበቃ ከሆነ ደግሞ ውድ የሆነውን አንድ ከመግዛት ወደኋላ የሚመልስ ቁልፍና የሚቀየር ባትሪ ያላቸውን ሁለት ቀላል ማጫወቻዎች መግዛት ይሻላል።