304 ወይስ 316? ስቴንለስ ለሚገዛ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው

304 እና 316 የሁለት ስቴንለስ ዓይነቶች መለያ ቁጥሮች ናቸው። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ማግኔትም አይለያያቸውም። ልዩነቱ ውስጣቸው ነው። 304 ወደ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል አለው። 316 ላይ ኒኬሉ ከፍ ይልና ሞሊብዲነም የሚባል ብረት ከ2 እስከ 3 በመቶ ይጨመራል።

በሁለቱም ዋናው ጠባቂ ክሮሚየም ነው። ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ቢጫርም ራሱን ይጠግናል። የሽፋኑ ጠላት ጨው ነው። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ አንዲት ነጥብ ላይ ይበሳውና ወደ ውስጥ ይቦረቡራል። ከላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ናት፤ ከሥሯ ግን ብረቱ ተበልቷል። ሞሊብዲነም የሚገባው ይህን ለመቋቋም ነው።

ለደሴ ቤት የደረጃ መደገፊያ 304 ይበቃል። በረኪና ብቻ አታሳድሩበት። ለ316 ብር መጨመር እዚህ ጋ ትርፉ ወጪ ነው።

የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ጋን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጥጥ በሪአክቲቭ ቀለም (ከክሩ ጋር በኬሚካል በሚተሳሰር ቀለም) ሲቀለም ሙቅ ውኃው ውስጥ ብዙ ጨው ይገባል። የገበታ ጨው ከሆነ 304ን በፍጹም አልመክርም። የሚበየድ ከሆነ ደግሞ ካርቦኑ ያነሰውን 316ኤል ጠይቁ። አለዚያ ብየዳው ዳር ላይ ክሮሚየሙን ካርቦን ይይዘውና ዝገቱ ከዚያው ይጀምራል።